መንገዱን የሚያውቅ ሰው ፍለጋ፦ ስለ ፊኛ ካንሰር ሕሙማን የቴሌግራም ግሩፕ

ሰው ስለ ሆቴልና ስለ ስልክ አስተያየት ሲጽፍ አነባለሁ። እኔ ደግሞ ስለ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ልጻፍ። የሽንት ፊኛ ካንሰር የያዘን ሰዎች የምንገናኝበት ነው። ስሙንና ሊንኩን እዚህ አላስቀምጥም፤ ከአባላቱ ብዙዎቹ መታመማቸውን ለቅርብ ዘመድ እንኳ አልተናገሩም። ግን ምን እንደሚሰጥ፣ የቱ ጋ እንደሚጎድል፣ ማን ቢገባበት እንደሚጠቀም አውቃለሁ። ከገባሁ ሁለት ዓመት ተኩል ሆነኝ።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። 53 ዓመቴ ነው። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ጥቅምት 2015 ላይ አንድ ጠዋት ሽንቴ ቀልቶ አየሁት። አያምም፣ አያቃጥልም። ማታ የበላሁት ቀይ ሥር ነው ብዬ ተውኩት። በማግስቱ ጠራ። በሳምንቱ ተመለሰ። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ኢንፌክሽን ነው ተባልኩና ክኒን ተሰጠኝ። እንደገና መጣ፤ እንደገና ኢንፌክሽን። ሦስተኛ ጊዜም እንደዚያው። ሦስት ወር በዚህ አለፈ።

የፊኛ ካንሰር ከሴት ይልቅ በወንድ ላይ ይበዛል። ሴት ደም ሸናሁ ስትል መጀመሪያ የሚታሰበው ኢንፌክሽን ወይም የወር አበባ ነው። በዚህ የተነሳ ብዙዎቻችን ዘግይተን እንደርሳለን። ይህን ያወቅኩት በኋላ፣ ግሩፑ ውስጥ ነው። ያኔ ባውቅ ኖሮ ሁለተኛው ክኒን ሲሰጠኝ "አልትራሳውንድ ይታይልኝ" ብዬ ድርቅ እል ነበር። ጽሑፌን እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ሰው ዋናውን አሁኑኑ ልንገረው። ሳያምመው ደም የሸና ሰው፣ አንድ ቀን ብቻ ቢሆን፣ መልሶ ቢጠራም፣ ይታይ።

ጥር ላይ እህቴ አስገድዳ ባሕር ዳር ወሰደችኝ። አልትራሳውንድ የሚያነሳው ልጅ መጀመሪያ ላይ እየተጫወተ ነበር። ከዚያ ዝም አለ። መሣሪያውን አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ መለሰው። ዝምታው ነው የነገረኝ። ከዚያ ሪፈር፣ ከዚያ አዲስ አበባ። የካቲት ላይ በሽንት መውጫ በኩል ገብተው ዕጢውን ፋቁት። የፓቶሎጂ ውጤቱ "ክፉ ዓይነት ነው፣ ግን የፊኛው ጡንቻ ጋ አልደረሰም" የሚል ነበር። በዚህ በሽታ ትልቁ ጥያቄ ይኸው ነው፤ ጡንቻው ጋ ደርሷል ወይስ አልደረሰም? ካልደረሰ አብዛኛውን ጊዜ ፊኛው ይተርፋል። እየፋቁ፣ መድኃኒት እየጨመሩ፣ እየተከታተሉ ይኖራል። ከደረሰ ብዙ ጊዜ ፊኛውን ማውጣት ይመጣል።

እናቴ "ካንሰር" አትልም። "ነቀርሳ" ነው የምትለው፤ እሱንም በሹክሹክታ። ስትሰማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቁጭ አለች። እኔ ገና እየተነፈስኩ ቤታችን ልቅሶ ቤት መሰለ። ባለቤቴ ደግሞ ስለ በሽታው ምንም ማውራት አቆመ። ወተት ይገዛል፣ እንቁላል ይገዛል፣ አያወራም። እንደሚወደኝ አውቃለሁ። ግን የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

ሌሊት ተነሥቼ ስልኬ ላይ በአማርኛ "የፊኛ ካንሰር" ብዬ ጻፍኩ። ያገኘሁት ትንሽ ማብራሪያ፣ ብዙ ማስታወቂያና ብዙ ፍርሃት ነው። ልጄ በእንግሊዝኛ ፈለገችልኝ። በአሜሪካ በ2005 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ቢካን የሚባል የፊኛ ካንሰር ድርጅት አለ፤ እንግሊዝ አገርም የራሳቸው ማኅበራት አሏቸው። ልጄ ቁጭ ብላ አንዳንዱን ተረጎመችልኝ። ስለ በሽታው ብዙ ተምሬበታለሁ። የታማሚዎቹ ወግ ላይ ስንደርስ ግን አንዷ ስለ ኢንሹራንስ፣ ሌላዋ ቤቷ ድረስ ስለምትመጣ ነርስ ታወራለች። በየሃያ ደቂቃው እየሸናሁ የአባይን በረሃ በአውቶቡስ እንዴት እንደምሻገር የሚነግረኝ አላገኘሁም። የእኔ ጥያቄ ያ ነበር።

ግሩፑን ያገኘሁት ኢንተርኔት ላይ አይደለም፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። መጋቢት መጨረሻ ላይ ሐኪሞቹ ቦታውን ደግመው ለመፋቅ ቀጠሩኝ። ለእንደኔ ዓይነቱ ዕጢ የተረፈ ነገር እንዳለ ለማየት እንዲህ ይደረጋል። ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ አንድ የዳንግላ ሰው ተቀምጠዋል። ጋቢ ለብሰዋል፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል። እጄ ሲንቀጠቀጥ አይተው፣ "ልጄ፣ የመጀመሪያሽ ነው?" አሉኝ። "ሁለተኛዬ ነው" አልኳቸው። የእሳቸው ፊኛ ከወጣ ዓመት አልፎታል። ሽንታቸው ሆዳቸው ላይ በተለጠፈ ከረጢት ነው የሚወርደው። ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። አላፈሩም። ከዚያ እስክሪብቶዬን ተቀብለው የቀጠሮ ካርዴ ጀርባ ላይ ጻፉልኝ። "እዚህ ግቢ። የሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚመስል የሚነግርሽ ሰው አለ" አሉ።

ስትገቡ መጀመሪያ የምታናግራችሁ አድሚኗ ናት። ነርስ ናት፤ አባቷ በዚሁ በሽታ ታክመዋል። በውስጥ መስመር ሦስት ነገር ትጠይቃለች። መቼ ታወቀ? ጡንቻው ጋ ደርሷል ተባልክ ወይስ አልደረሰም? የት ነው የምትኖረው? ከዚያ ያንኑ ሕክምና ቀድሞ ከጨረሰ ሰው ጋር ታገናኛችኋለች። ያንን ሰው በግሩፑ ቋንቋ "ጎረቤት" እንለዋለን። የእኔ ጎረቤት የቢቸና ሴት ናቸው። 61 ዓመታቸው ነው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። እሳቸው "እታለም" ይሉኛል። እንደኔው ተፍቀው፣ እንደኔው ቢሲጂ የሚባለውን መድኃኒት ወስደው፣ ከእኔ አንድ ዓመት ቀድመው ጨርሰዋል። ያ አንድ ዓመት ነው ዋጋው። ሐኪሙ የሚያውቀው ሌላ ነው፤ እሱን ማንም አይተካውም። ማክሰኞ ማታ ሲያቃጥል እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ግን እትዬ ናቸው የሚያውቁት።

ቢሲጂ ስባል ደንግጬ ነበር። ክንዳችን ላይ ጠባሳ የተወው የሕፃናት ክትባት አይደለም እንዴ? አዎ፣ ያው ነው። ነርሷ እሑድ ማታ በድምፅ ስታስረዳን ሁላችንም ዝም ብለን ሰማን። የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ሆኖ የተሠራው፣ ሕያው ግን የተዳከመ ባክቴሪያ ነው። ፊኛ ውስጥ ሲገባ የሰውነትን ተከላካይ ይቀሰቅስና ዕጢው ላይ ያዘምተዋል። ለዚህ ሥራ መዋሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የወጣው በ1976 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ዙር በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለስድስት ሳምንት ይሰጣል። ይህን ለእናቴ ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። "የሳንባ ነቀርሳን ክትባት ለፊኛ ነቀርሳ? ነቀርሳ በነቀርሳ?" አለች። እኔ ካልኳት ሁሉ የገባት ይሄ ነው።

መድኃኒቱን ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ እሱን ልለፈው። ብቻ የመጀመሪያው ቀኔ ግንቦት 1 ሆነ። ማክሰኞ፣ ልደታ። አዲስ አበባ እህቴ ቤት አርፌያለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ይቀቅላል። እኔ በቀጭን ቱቦ መድኃኒቱ ተሞልቶልኝ፣ ሁለት ሰዓት ሳልሸና እንድይዘው ተነግሮኛል። መድኃኒቱ ከመግባቱ አራት ሰዓት ቀደም ብዬ ጀምሬ ውሃም ቡናም አልጠጣሁም፤ ይህን የመከሩኝ እትዬ ናቸው፣ ሐኪሙም እንደዚያው ብሎኛል። ሃያ ደቂቃ ደህና ነበርኩ። ከዚያ ሽንት መጣ። የቀረው መቶ ደቂቃ ነው።

ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናቸው። "እታለም፣ ገባ?" አሉኝ። ገብቷል አልኳቸው። "በይ እንግዲህ፣ እኔም ሥራ የለኝም" አሉና ጀመሩ። ሴት ልጅ ሆነው ቢቸና ልደታን እንዴት እንደሚያከብሩ ነገሩኝ። ባቄላው በስንት እሳት እንደሚበስል፣ ስንዴው መቼ እንደሚጨመር፣ እናታቸው ንፍሮውን ሜዳ ላይ ሲበትኑ ምን ይሉ እንደነበር። መሐል ላይ እኔ እንባዬ መጣ፤ "አልችልም" አልኩ። "ስንት ሰዓት ነው?" አሉኝ። "45 ደቂቃ ቀረኝ" አልኩ። "እኔ በመጀመሪያው ቀን በ40 ደቂቃ አፍስሼዋለሁ። ከእኔ ትበልጫለሽ" አሉና ስለ ጤፍ ማውራት ቀጠሉ። ዘንድሮ ስንት ጥማድ እንዳረሱ፣ ሠርገኛው ነጩን እንዴት እንደሚያስንቅ። ሁለት ሰዓት ሞላሁ። ካርዳቸው በመሐል ሁለት ጊዜ አልቆ ሁለቴ ሞልተው ደውለዋል። ይህን ለየትኛው አገልግሎት ነው ኮከብ የምሰጠው?

ከዚያ በኋላ ያለው ስድስት ሰዓት ሌላ ጣጣ ነው። ሽንቱ ውስጥ ሕያው ባክቴሪያ ስላለ በሸኑ ቁጥር በረኪና ማፍሰስ፣ ሩብ ሰዓት ማቆየት፣ ከዚያ ማጠብ ያስፈልጋል። በጋራ ግቢ፣ በጋራ ሽንት ቤት ይህ እንዴት ይሆናል? ሐኪሙን ለመጠየቅ አፈርኩ። ግሩፑ ላይ ስጽፍ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አራት ሰው መለሰልኝ። አንዲት የቡሬ ልጅ፣ አባቷን የምታስታምም፣ በፎቶ አሳየችኝ። ክዳን ያለው ፖፖ፣ ውስጡ በረኪና፣ ጎኑ ላይ የእጅ ጓንት። "አባዬ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ይጠቀማል፣ ሩብ ሰዓት ሲሞላ እኔ እደፋለሁ፤ ተከራዩ አያውቅም" ብላ ጻፈች። በማግስቱ ፖፖ ገዛሁ።

የአውቶቡሱንም ነገር እዚያው ነው ያገኘሁት። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰው የሚፈራው ርቀቱን አይደለም። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ፣ ድልድዩን አልፎ፣ ደጀን እስኪወጣ ያለውን 40 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ መሐል መኪና አይቆምም፣ ቢቆምም ሴት የምትሸሸግበት የለም። ምክራቸው ይህ ነበር። ፊት ወንበር፣ በሩ አጠገብ ያዢ። ሰፊ ቀሚስ ልበሺ፣ ነጠላ ደርቢ። የአዋቂ ፓምፐርስ ግዢ፤ አትፈሪው፣ ማንም አያይም። ጎሃ ጽዮን ሲቆም ሽንት ባይመጣም ውረጂ። ከሁሉ በላይ ረዳቱን መኪናው ሳይነሳ ንገሪው፤ መንገድ ላይ ከለመንሽው ይቆጣል፣ ቀድመሽ ከነገርሽው ግን ኃላፊነት ይሰማዋል። እንዳሉት ነገርኩት። ልጅ እግር ነው። "እናቴ፣ ምልክት ስጪኝ ብቻ" አለኝ። ጎሃ ጽዮን አንዴ፣ ደጀን አንዴ አስቆመልኝ። ሌላው ተሳፋሪ ሲያጉረመርም ያየው እሱ ነው፤ እኔ አልሰማሁም።

በሦስተኛው ሳምንት ብርድ ብርድ አለኝ። ማታ 38.7 ትኩሳት ለካሁ። ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። የግሩፑ አንዱ ጥሩ ሕግ እዚህ ላይ ነው የሚታየው። ለትኩሳት ማንም ምክር አይሰጥም። ነርሷ "ሐኪምሽ ጋ አሁኑኑ ደውዪ፣ እዚህ አትጠብቂ" ብላ ዘጋችው። ቢሲጂ ከፊኛ ወጥቶ በደም ሊሰራጭ የሚችልበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ጊዜ አይገጥምም፣ ከገጠመ ግን ቀልድ አይደለም። የእኔው በማግስቱ ወረደ። አንድ ሳምንት ዘልለው ቀጠሉልኝ።

ከሁሉ የሚከብደውን ጥያቄ የጠየቅኩት ሴቶቹ ለብቻችን ባለን ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። ዋናው ግሩፕ ላይ ወንዶቹ ይበዛሉ። እኔ ስገባ 140 ገደማ ሰው ነበር፤ ሴቶች ሃያም አንሞላም። ጎጃም ውስጥ ያደገች ሴት ስለ ሽንቷ ከወንዶች ጋር አታወራም። ወር ያህል ዝም ብዬ አነበብኩ። ከዚያ እትዬ ወደ ሴቶቹ ክፍል አስገቡኝ። እዚያ ጠየቅኩ፤ ከቢሲጂ በኋላ ከባል ጋር መተኛት ይቻላል ወይ? ሐኪሜ የልጄ እኩያ ነው፣ እሱን እንዴት እጠይቃለሁ? ነርሷ መለሰች። ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ሁለት ቀን ታገሡ፣ በሕክምናው ሳምንታት ኮንዶም ተጠቀሙ፣ ሐኪሙንም ጠይቁት፣ ለእሱ አዲስ አይደለም። ለባለቤቴ ያንን መልእክት አሳየሁት። ከየካቲት ጀምሮ ስለ በሽታዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወራነው በዚያ ምሽት ነው። ሳይነካኝ የቆየው በሽታው ይባስብኛል ብሎ ፈርቶ ነበር። እኔ ደግሞ ተጸየፈኝ ብዬ ነበር። አራት ወር!

ስለ መንስኤው ብዙ ጊዜ ጥያቄ ይነሣል። ትልቁ ምክንያት ሲጋራ ነው። እኔ አጭሼ አላውቅም፣ እትዬም አያጨሱም፤ ስለዚህ ሁሉም ከዚያ አይመጣም። ቀለም፣ ጎማና ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎችም ይጋለጣሉ። አንድ የባሕር ዳር ሰው "ልጅ እያለሁ ጣና ላይ እዋኝ ነበር፣ ቢልሃርዚያ ነው ያመጣብኝ" አለ። ነርሷ አረመችው። የፊኛ ካንሰር የሚያስከትለው ቢልሃርዚያ የሽንቱ ዓይነት ነው። እሱ የሚገኘው እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ነው። ጣና ዳር የሚታወቀው የአንጀቱ ነው። ሰውዬው ለሃምሳ ዓመት የተሸከመውን ጸጸት በሦስት ዓረፍተ ነገር አወረደችለት።

አሁን ወደ ጉድለቱ።

አንደኛ፣ ነጋዴ ይገባል። አንድ ሰው ራሱን ታማሚ አስመስሎ ገብቶ ለሰዎች በውስጥ መስመር "ሥር" ሲሸጥ ነበር። 6,500 ብር። አንድ የደምበጫ አባት ገዝተው ቢሲጂያቸውን ሦስተኛው ላይ አቋረጡ። አድሚኖቹ ነጋዴውን ያስወጡት ከአራት ቀን በኋላ ነው። አራት ቀን ብዙ ነው። ከዚያ በኋላ ሕግ ወጣ፤ አዲስ ሰው ለአንድ ወር በውስጥ መስመር ለማንም እንዳይጽፍ። ሕጉ ጥሩ ነው፣ ዘግይቶ መጣ። ስለ ጠበል ግን ግሩፑ በትክክል ይዞታል ብዬ አምናለሁ። ማንም ማንንም አይከለክልም። "ተጠመቁ፣ ቀጠሯችሁን ግን አታሳልፉ" ነው የሚባለው። እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው።

ሁለተኛ፣ የአንዱ በሽታ ለሌላው አይሆንም፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ቀላሉ ዓይነት የነበረበት ሰው "ምንም አይደለም፣ ፍቀው ይልቀቁሃል" ይላል። ፊኛው ሊወጣለት የተቀጠረ ሰው ይህን ሲያነብ ያመዋል። በተቃራኒውም አለ። አንዲት ልጅ ገና የመጀመሪያ ውጤቷን ሳትሰማ ስለ ከረጢት ሰምታ ለሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። አዲስ ሰው ከገባችሁ፣ ጎረቤት እስኪሰጣችሁ ድረስ የድሮውን ጽሑፍ ወደ ላይ እየሳባችሁ አታንብቡ። ይህን ከልቤ ነው የምላችሁ።

ሦስተኛ፣ ሰው የሐኪም ወረቀቱን ሙሉ ስሙና የካርድ ቁጥሩ ሳይሸፈን ፎቶ አንሥቶ ይለጥፋል። ብትለጥፉ ስሙን በጣታችሁ ሸፍኑ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ "ደህና አደራችሁ" የሚል ሥዕልና ቪዲዮ ዳታ ይበላል፤ በራሱ እንዳያወርድ ቅንብሩን ዝጉት። የዘጠኝ ደቂቃ ቮይስም አለ። አረጋዊ ናቸው፣ መጻፍ አይችሉም፣ እሱን እታገሣለሁ።

ሞትም ይነገራል። መጀመሪያ አካባቢ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ "አርፈዋል" የሚል መልእክት ይመጣ ነበር። በማግስቱ ፊኛዋ በካሜራ ሊታይ ቀጠሮ የነበራት ሴት እሱን አይታ ሳትሄድ ቀረች። አሁን ጠዋት ከሦስት ሰዓት በኋላ ብቻ ነው የሚነገረው፤ ስማቸው ይጠራል፣ የሚያውቃቸው ስለ እሳቸው አንድ ነገር ይናገራል። ይህን ያስተካከሉበትን መንገድ አከብራለሁ።

ትልቁ ፈተና የመጣው ከሁላችን አቅም በላይ ነው። በ2015 ክረምት፣ ሐምሌ መጨረሻ፣ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። መንገድም ተዘጋ። የመጀመሪያው ካሜራዬ ነሐሴ ላይ ነበር። ከፊኛ ካንሰር በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እንደኔ ዓይነቱ ሰው በየሦስት ወሩ በካሜራ ይታያል፤ በሽታው መመለስ ይወዳልና። ግሩፑ በአንድ ቀን ጠፋ። ስልኬን ከፍቼ የምትዞረዋን ክብ አያለሁ፣ አትከፍትም። ያን ሳምንት የተሰማኝን ብቸኝነት የካቲት ላይ እንኳ አላውቀውም።

በአምስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። የዳንግላው ጋሼ ናቸው። ለካ ደብተር አላቸው። የሰው ሁሉ ስልክ፣ ከተማ፣ የካሜራ ቀን በእጃቸው ጽፈው ይዘዋል። "ኢንተርኔት አላምንም፣ ወረቀት ነው የማምነው" አሉኝ። እያንዳንዱ ሰው ለሁለት ሰው እንዲደውል አከፋፈሉን። እኔ ለቡሬዋ ልጅና ለአንድ የሞጣ ሰው ደወልኩ። ነርሷ አዲስ አበባ ስለነበረች የሐኪሞቹን መልስ በስልክ ታደርሰናለች። እኔን "ሁለት ሳምንት ቢያልፍ አይገድልሽም፣ ሁለት ወር እንዳያልፍ ብቻ" አለችኝ። መንገዱ ሲከፈት፣ መስከረም ላይ፣ ሄጄ ታየሁ። ንጹሕ ነበር። ከተማችን ውስጥ ዳታው እስኪመለስ ብዙ ወራት አለፉ፤ ግሩፑ ያን ጊዜ ሁሉ በወረቀትና በስልክ ጥሪ ኖረ። ከዚያ በኋላ የገባ ሰው ሁሉ ስልኩን ደብተሩ ላይ ያስጽፋል። የኦንላይን ግሩፕ የምትመሠርቱ ካላችሁ፣ ለሌላ በሽታም ቢሆን፣ ደብተር ይኑራችሁ።

ጋሼን ካነሣሁ ስለ ከረጢቱ ልናገር። ፊኛቸው የሚወጣ ሰዎች ሲመጡ እሳቸው ናቸው ጎረቤት የሚሆኗቸው። አንድ ጊዜ በቪዲዮ አሳዩን። ጠዋት ማልደው፣ ገና ምንም ሳይጠጡ ነው የሚቀይሩት፤ ያኔ ሽንት ስለሚቀንስ ቆዳው ሳይረጥብ ይለጠፋል። ቀዳዳውን በወረቀት ለክተው፣ በመቀስ በትክክል ይቆርጣሉ። ሰፍቶ ከተቆረጠ ሽንት ቆዳውን ይልጠዋል፣ ከጠበበም ይቧጭራል። ለብ ባለ ውሃ ያጥባሉ፣ በንጹሕ ጨርቅ ያደርቃሉ። ከዚያ በመዳፋቸው ሸፍነው ይይዙታል። "የእጅ ሙቀት ነው የሚያጣብቀው፣ እስከ መቶ ቁጠሩ" አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን ደርበው ቅዳሴ ሄዱ። ቪዲዮው ስድስት ደቂቃ ነው። አንድ የእንጅባራ ወጣት ቀዶ ሕክምናውን እምቢ ብሎ አራት ወር ቆይቶ ነበር። ያንን አይቶ ፈረመ።

ዋጋው ነጻ ነው። ከዳታ በቀር የምትከፍሉት የለም፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ አድሚኗን ንገሯት። የድምፅ ስብሰባው እሑድ ማታ ሁለት ሰዓት ነው። መናገር አይጠበቅባችሁም፣ ማዳመጥ ይበቃል። ለማን ይሆናል? ሕክምና ለጀመረ ወይም ሊጀምር ለተቀጠረ ሰው፣ ለሚያስታምመውም። ገና ደም አይቶ ምንነቱን ለማያውቅ ሰው አይሆንም፤ እሱ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ይሂድ። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ካሏችሁ እናንተ ግቡላቸው። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን የያዝኩት ለነጋዴው አራት ቀን ነው።

ሊንኩን እንዴት ታገኛላችሁ? በክትትል ቀን ወረፋ ላይ ጠይቁ። አጠገባችሁ ጋቢ የለበሰ፣ ውሃ ደጋግሞ የሚጠጣ ሰው ካለ ጠይቁት።

እኔ አሁን በየስድስት ወሩ ነው የምታየው። ጎረቤትም ሆኛለሁ፤ የእኔዋ የሉማሜ ሴት ናት፣ አራተኛ ቢሲጂዋ ላይ ደርሳለች፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራታለሁ። ስለ ባቄላ ያለኝ እውቀት የእትዬን ያህል አይደለም፤ ስለ ተማሪዎቼ ነው የማወራላት። የሚቀጥለው ካሜራዬ ኅዳር 16 ነው። ዛሬ ጠዋት ግሩፑ ላይ ጻፍኩት። የማንም ካሜራ ሲደርስ ጋሼና ባለቤታቸው ዳንግላ ሆነው ቡና ያፈላሉ፣ የጀበናውን ፎቶ ይልካሉ። መልሳቸው ወዲያው ነው የመጣው። "ደብተር ላይ አስፍሬዋለሁ። በስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?"